በካፊያ የሚጠፋ መብራት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ መብራት የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በየወሩ ይደርሱናል። ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ግን ከሌሎቹ የሚለዩበት ነገር አለ፤ ጠያቂዎቹ ብሶታቸውን ከማሰማት አልፈው መብራቱ የጠፋበትን ሰዓት፣ የአየሩን ጠባይ፣ አምፖሉ ከመጥፋቱ በፊት ያሳየውን ምልክት ሳይቀር ጽፈውልናል። በመስመር ሥራ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ማስታወሻ የሚይዝ ደንበኛ ባገኝ ኖሮ ብዙ ምሰሶ ከመውጣት በዳንኩ ነበር። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመርቆ ኃይል ያመነጫል። እንዲህ ሆኖ ሳለ በሰፈራችን መብራት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጠፋል፤ በበዓል ዋዜማማ ከነጭራሹ ተስፋ አናደርግም። ተማሪዎቼ «ኃይሉ የት ሄደ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። መስመሩ አርጅቷል የሚሉ አሉ። ሽቦ እንዴት ያረጃል? (የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ኃይሉ የትም አልሄደም፤ የተቸገረው የሚመጣበት መንገድ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚያ የሚነሣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል እስከ ሆለታ ይመጣል፤ ከዚያም በየማከፋፈያ ጣቢያው ደረጃ በደረጃ እየወረደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት ይሆናል፤ በመጨረሻም በሰፈርዎ የተተከለው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና ወደ 220 ቮልት ቀይሮ ለቆጣሪዎ ያስረክበዋል። በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ከታመሙ የግድቡ ትልቅነት ለእርስዎ ቤት የሚፈይደው ነገር የለም።

ሽቦ እንዴት ያረጃል ላሉት፣ እውነቱን ለመናገር ሽቦው ራሱ እምብዛም አያረጅም። በሁለት ምሰሶዎች መካከል በአግባቡ የተዘረጋ የአሉሚኒየም ሽቦ ዛፍ ካልወደቀበት ወይም ከአቅሙ በላይ ካልተጫነ ለዐሥርት ዓመታት ያገለግላል። የሚያረጀው መገናኛው ነው፤ ሽቦ ከሽቦ የሚታሰርበት፣ ከትራንስፎርመሩ የሚያያዝበት፣ ወደ ቤትዎ የሚወርደው ገመድ ከዋናው መስመር ጋር የተቆነጠጠበት ቦታ። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያውኑ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል። ከመዳብ ጋር በቀጥታ ታስሮ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ሁለቱን ለማገናኘት ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማያያዣ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። በችኮላ በፒንሳ ተጠምዝዞ የታሰረ መገናኛ በመጀመሪያው ቀን ደኅና ይመስላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የሰፈሩ ሁሉ ኃይል በጥቂት የሽቦ ክሮች ጫፍ ላይ ያልፋል።

ደብረ ብርሃን ደግሞ ለመገናኛ የማትራራ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥልባታል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይዋ ትፋጃለች። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ብሎኑ ይበልጥ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝም ይበልጥ ይኮማተራል፤ በዚህ ምልልስ ማያያዣው በየቀኑ በጥቂቱ ይላላል። የላላ መገናኛ ይግላል፤ የጋለ መገናኛ ደግሞ ይብስ ይላላል። የመስመር ዕድሜ ሲቆጠር ዓመታቱ ብቻ ሳይሆኑ መገናኛው ስንት ጊዜ ሞቆ ስንት ጊዜ እንደ ቀዘቀዘም መታሰብ አለበት የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ረጅም ዕድሜ ነው፤ ነገር ግን የኃይል ማመንጫ ሙቀቱንና ንዝረቱን ቀንና ሌሊት የሚከታተልለት ሰው አለው። በእርስዎ ሰፈር ጥግ ያለችውን ማያያዣ እስክትቃጠል ድረስ ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

የበዓሉን ነገር ደግሞ በቁጥር እንየው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ቢወስድ፣ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ይስባል። የመሸከም አቅሙ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር (ለምጣድ ሲሆን ከ100 ኪሎ ዋት ጋር እኩል) የሆነ ትራንስፎርመር እንግዲህ 28 ምጣዶችን ይችላል። ይሁን እንጂ አቅሙ ፌዝ ለሚባሉ ሦስት ኃይል ተሸካሚ ሽቦዎች የተከፈለ ስለሆነ ለአንዱ ፌዝ የሚደርሰው 9 ምጣድ ብቻ ነው። ቤቶቹ ሲገቡ ለሠራተኛው በቀረበው ፌዝ ላይ እየተቀጠሉ ከሄዱ፣ ሁለቱ ፌዞች ሥራ ፈትተው አንዱ ብቻ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፤ የፋሲካ ዋዜማ ከዐሥረኛዋ ምጣድ በኋላም እየተጨመረ ሲሄድ፣ ጭነት ሲበዛ ኃይሉን የሚቆርጠው ፊውዝ ይቀልጣል። ፊውዙ ባይቀልጥ ደግሞ የባሰ ነው። በትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ የተለበሰው ዘይት በጠጣ ወረቀት ሲሆን፣ በምሕንድስና ስሌት ይህ ወረቀት ከተፈቀደለት ሙቀት በላይ በየ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ የሚያረጅበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በዚያች ማታ ባይቃጠልም ከዕድሜው ላይ በዚያች ማታ ተቀንሶበታል።

በአንድ ወቅት፣ ቦታውን መጥቀስ አያስፈልግም፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ልናወርድ ሄደን ፊውዝ መኖር በሚገባው ስፍራ ያገኘነው ሦስት ጊዜ ተደርቦ የተጠመዘዘ የመዳብ ሽቦ ነበር። ፊውዙ በቀለጠ ቁጥር በሌሊት መጠራት የሰለቸው ሰው ያሰረው መሆኑ ግልጽ ነው። ሰውየው ለጥቂት ወራት እንቅልፉን አግኝቷል፤ ሰፈሩ ግን ትራንስፎርመሩን አጣ።

ጥያቄ፦ በክረምት ዶፍ ሲወርድ መብራታችን ብዙ ጊዜ አይጠፋም። በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው የበልግ ካፊያ ሲጥል ወይም ጉም ሲወርድብን ግን ወዲያው ድርግም ይላል። አንድ ሌሊት የምሰሶው አናት ሲጨስ በዓይናችን አይተናል፤ መብረቅ አልነበረም። ሰው የሚነግረን ሁሉ ዝናብ ነው ይለናል። ዝናብ ከሆነ ትልቁ ትቶን ትንሹ እንዴት ይጎዳናል? (ጡረተኛ ወታደር፣ ከጣርማ በር)

መልስ፦ በዚህ ወር ከደረሱን ሁሉ ይህን ጥያቄ አብልጬ ወድጄዋለሁ፤ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈውን ልዩነት እርስዎ ይዘውታል። ሽቦው ምሰሶውን እንዳይነካ ለይቶ የሚይዘው የሸክላ ወይም የመስታወት ኢንሱሌተር ነው። በበጋው ረጅም ወራት የመንገዱ አቧራና የመኪናው ጭስ በላዩ ላይ ይጋገራል። ደረቅ አቧራ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ጉዳት የለውም። ካፊያ ወይም ጉም ሲያርሰው ግን ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ውስጥ የሟሟው ጨውም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ዶፍ ቢሆን ኖሮ አጥቦ ይወስደው ነበር፤ ካፊያው ግን ሳያጥበው አርሶት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ በኢንሱሌተሩ ገጽ ላይ ቀጭን ኃይል እያፈሰሰ ኢንሱሌተሩ ወደ ተተከለበት አግዳሚና ወደ ምሰሶው ይወርዳል።

የጢሱም ምስጢር እዚሁ ላይ ነው። ያ የሚያፈስሰው ኃይል በረጠበው የእንጨቱ ገጽ ላይ ተበትኖ ሲሄድ ምንም አያደርግም፤ ነገር ግን በአግዳሚው ሥር ተጠልሎ ሳይረጥብ የቀረ ደረቅ ቦታ ላይ፣ በተለይም ብሎኑ እንጨቱን በሚበሳበት ቦታ ሲደርስ፣ በጠባብ መንገድ ተጨናንቆ ለማለፍ ይገደዳል። ያቺ ቦታ ትግላለች፣ ትጠቁራለች፣ ውሎ አድሮም ትጨሳለች። ያረጀ ምሰሶ ስንጥቅ ስለሚበዛበትና ብሎኑም ስለሚላላ ከአዲሱ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

በዚህ ላይ የጣርማ በር ከፍታ አለ። ለከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠሩ ዕቃዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚፈተኑት ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ለሚደርስ ቦታ ታስበው ነው። ከዚያ በላይ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ብልጭታን የመከልከል አቅሙም አብሮ ይቀንሳል። ሯጮቻችን ሳንባቸውን የሚያጠነክሩበት ይኸው ስስ አየር ለኢንሱሌተር መከራ ነው፤ በተለመደው ስሌት 3,000 ሜትር ላይ የሚቆም ዕቃ በቆላ ከሚቆመው ከሩብ በላይ ተጨማሪ የመከላከል አቅም ሊኖረው ይገባል። ዕቃው ሲገዛ ይህ ካልታሰበ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ዓመታት የሚያገለግለው ኢንሱሌተር እናንተ ዘንድ በመጀመሪያው ጉም እጁን ይሰጣል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ኢንሱሌተሮቹ በጥር መጨረሻ፣ በልጉ ሳይገባ፣ ኃይል ተቋርጦ ቢጠረጉ ግማሹ ችግር ይቃለላል። ሲቀየሩም ውኃን አንጠባጥቦ የሚጥለው የሲሊኮን ጎማ ዓይነት ቢተከል የተሻለ ነው። የምሰሶ አናት ሲጨስ ካያችሁ ውኃ ለመርጨት አትሞክሩ፤ ልጆችንና ከብቶችን አርቃችሁ ወዲያውኑ አሳውቁ፤ የተበጠሰ ሽቦ መሬት ላይ ካለ ደግሞ የሞተ ቢመስልም ኃይል እንዳለበት ቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አምፖላችን በድንገት ዓይን እስኪያጥበረብር ደመቀ፤ ወዲያው ቴሌቪዥኑ ጨሰ፣ ፍሪጁም ዝም አለ። በዚያው ሰዓት ጎረቤቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር፤ የእርሷ አምፖል ደብዝዞ እንደ ፍም ቀልቶ፣ ምጣዱም ቀዝቅዞባት እንደ ነበር ነገረችኝ። ያመለከትንበት ክፍል «ኃይል በዝቶ ነው» ብሎ መለሰን። ለእኔ በዝቶ ለእርሷ እንዴት ያንሳል? (የቤት እመቤት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እናታችን፣ በደረሰብዎ ጉዳት እናዝናለን። ለእርስዎ በዝቶ ለጎረቤትዎ ያነሰው አንድ መገናኛ ስለ ተበጠሰ ነው፤ እርሱም ኒውትራል የምንለው፣ በፌዞቹ የመጣው ኃይል ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመለስበት አራተኛው ሽቦ ነው።

በሦስት ፌዝ መስመር ላይ በማንኛቸውም ሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት፣ በአንዱ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል ደግሞ 220 ቮልት አለ። እርስዎና ጎረቤትዎ የገባችሁት በተለያየ ፌዝ ቢሆንም ኒውትራሉ የጋራችሁ ነው። የጋራው ሽቦ ከትራንስፎርመሩ በኩል ሲበጠስ ሁለቱ ቤቶች ሳያውቁት በ380 ቮልት ላይ በአንድ ክር እንደ ተሰኩ ሁለት ዕቃዎች ይሆናሉ፤ ቮልቴጁንም እኩል አይካፈሉትም። ብዙ ኃይል የሚስበው ቤት ጥቂቱን፣ ጥቂት የሚስበው ቤት ብዙውን ይወስዳል። በእርስዎ ቤት 100 ዋት ገደማ የሚወስድ ዕቃ፣ በእርሷ ቤት 3,500 ዋት ምጣድ ብቻ ነበሩ ብንል፣ ከ380ው ውስጥ ወደ 370 የሚጠጋው እርስዎ ዘንድ ይመጣል፤ ለእርሷ ምጣድ 10 ቮልት ገደማ ብቻ ይቀርለታል። በተጨባጭ ሌሎች ቤቶችም ስለሚኖሩ ቁጥሩ እንዲህ አይጋነንም፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። የእርሷ ምጣድ መቀዝቀዝና የእርስዎ ቴሌቪዥን መቃጠል የአንድ ሽቦ መበጠስ ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

የኒውትራል መበጠስ የአሮጌ መስመር ልዩ ምልክት ነው። ፌዝ ሲበጠስ መብራት ስለሚጠፋ ሁሉም ይጮኻል። የኒውትራል መገናኛ ግን እየላላና እየተበላ ሲሄድ ለወራት አምፖል ከማንቀጥቀጥ በቀር የሚያሰማው ድምፅ የለም። ስለዚህ ምጣድ በተጣደ ቁጥር የአንዱ ቤት አምፖል ሲደበዝዝ የሌላው የሚደምቅ ከሆነ ዕቃ እስኪቃጠል አትጠብቁ፤ ለሚመለከተው ክፍል ስታመለክቱም «መብራት ያስቸግረናል» ከማለት ይልቅ «በእኔ ቤት ሲደምቅ በእርሷ ቤት ይደበዝዛል» ብላችሁ በጽሑፍ አስገቡ። ያ አንድ ዐረፍተ ነገር ሠራተኛውን በቀጥታ ወደ ኒውትራሉ ማያያዣ ይመራዋል።

አምፖሉ በደመቀበት ቅጽበት የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋናውን ማብሪያ ማጥፋት። የዕቃዎቹን ብረት በእጅ መንካት አደገኛ ነው፤ ኒውትራሉ ሲበጠስ ብረቱም ኃይል ሊይዝ ይችላል። ስታቢላይዘርን በተመለከተ፣ በገበያ ላይ ያለው ተራው ዓይነት 180ን ወደ 220 ለማቃናት የተሠራ እንጂ 370ን ለመመከት አይደለም፤ አብሮ ይቃጠላል። የሚጠቅመው ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ በራሱ የሚቆርጠው መከላከያ ነው።

ጥያቄ፦ ምሰሶዎቻችን በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ይዘማሉ፤ አቅንተን ብንቀብራቸው በዓመቱ ተመልሰው ይዘማሉ። እንጨቱ ነው ችግሩ? (ገበሬ፣ ከእነዋሪ)

መልስ፦ ከእንጨቱ በፊት መሬታችሁን እዩ። የእነዋሪ መረሬ ጥቁር አፈር ጤፉንና ስንዴውን እንዴት እንደሚያበቅል የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ለምሰሶ ግን ክፉ መሬት ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ምሰሶውንም በየዓመቱ ይገፋዋል፣ ይለቀዋል። ጉድጓዱን በዚያው በወጣው አፈር መልሶ መድፈን ድካም ብቻ ነው፤ ጥልቅ አድርጎ ቆፍሮ በድንጋይና በጠጠር መጠቅጠቅ፣ መስመሩ በሚታጠፍበት ምሰሶ ላይም የብረት ገመድ መወጠሪያ ማሰር ያስፈልጋል። እንጨቱ ራሱ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት፣ ከመሬቱ ወለል ትንሽ ዝቅ ባለው ቦታ ነው። ላዩ ደኅና መስሎ ሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል በመዶሻ ሲመቱት የሚሰጠውን ድምፅ ያዳምጡ፤ የደኅነኛው ጥርት ያለ፣ የበሰበሰው የታፈነ ነው። የታፈነውን ድምፅ ከሰሙበት ምሰሶ ላይ ማንም እንዳይወጣ ያስጠንቅቁ።

ጥያቄ፦ የመስመር ማርጀት የድሃ አገር ችግር ነው ወይስ የሠለጠኑትም አለባቸው? መምህራችን አሜሪካ ውስጥ በዛፍ ምክንያት ሚሊዮኖች ጨለማ ውስጥ እንደ ገቡ ነግረውናል፤ እኔ ግን ማመን አቃተኝ። (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መምህርህ የነገሩህ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በኦሃዮ ግዛት፣ በአካባቢው ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ፣ አንድ የ345 ኪሎ ቮልት መስመር ረግቦ በሥሩ የበቀለ ዛፍ ነካና ተቋረጠ። የሚያስገርመው መስመሩ በዚያ ሰዓት የተሸከመው ከአቅሙ 44 በመቶ ብቻ መሆኑ ነው፤ ዛፉ በጊዜው አለመቆረጡ እንጂ ጭነቱ አልነበረም ያቋረጠው። የእርሱ ድርሻ ወደ ሌሎች መስመሮች ዞረ፤ ሁለት ተጨማሪ መስመሮችም በተራቸው ረግበው ዛፍ ነኩ። በመቆጣጠሪያው ክፍል ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ኮምፒዩተር ቀደም ብሎ ዝም ብሎ ስለ ነበር ሠራተኞቹ የሆነውን በጊዜው አላወቁም። ከአንድ ሰዓት ጥቂት በኋላ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መብራት አልባ ሆኑ።

ሽቦ ለምን ይረግባል ብትል፣ በ100 ሜትር ርቀት በተተከሉ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ወገቡ 1 ሜትር ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ሽቦ አስብ። ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ርዝመቱ የሚያድገው በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ወገቡ ግን በግምት ወደ 1.75 ሜትር ይወርዳል። የጠዋቱ ብርድ ላይ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ርቆ የነበረው ሽቦ በቀትር ዛፉ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው። የእኛ ባሕር ዛፍ ደግሞ በፍጥነት የሚያድግ፣ ነፋስ ሲመጣም ከወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ነው። ከደብረ ብርሃን በማንኛውም አቅጣጫ ስትወጣ በመስመሩ ሥር የተተከለውን ባሕር ዛፍ ቁጠር፤ ባለቤቱ ለጣውላ እንደ ተከለው አውቃለሁ፣ አልፈርድበትም፤ ግን ከመስመሩ ፈቀቅ አድርጎ መትከልን የሚከለክለው አልነበረም።

ስለ ማርጀት ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 በካሊፎርኒያ ፒ ጂ ኤንድ ኢ የተባለው ኩባንያ በሚያስተዳድረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ባገለገለ ማስተላለፊያ መስመር ላይ ኢንሱሌተሩን አንጠልጥላ የያዘች፣ ዕድሜዋ ወደ 100 ዓመት የተጠጋ የብረት ኩላብ በነፋስ ስትወዛወዝና ስትፋቅ ኖራ ተበጠሰች። ሽቦው የማማውን ብረት ነካ፣ ፍንጣሪው ደረቁን ሣር አያያዘው፤ ፓራዳይዝ የተባለችው ከተማ ወደመች፣ 85 ሰዎች ሞቱ። ኩባንያው በኋላ በፍርድ ቤት በ84 ሰዎች ሞት ጥፋተኝነቱን አምኗል። ማማው ቆሞ ነበር፣ ሽቦውም አልተበጠሰም፤ ያለቀችው በእጅ የምትያዝ ኩላብ ናት። ስለ ደብረ ብርሃኑ መገናኛ ከላይ ለመምህሩ የጻፍኩትን መልሰህ ብታነበው ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸው ይታይሃል።

ጥያቄ፦ መብራት ከብዙ ሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ደስ ብሎን ሳናበቃ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይሄዳል። ሆን ብለው ነው የሚሉ አሉ። (የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ሆን ተብሎ አይመስለኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው የራሳችን ጥድፊያ ነው። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ሲበራ የተተወው ምጣድ ሁሉ፣ ሞቆ የቆየው ፍሪጅ ሁሉ፣ በቆላው ሙቀት የሚሠራው ማራገቢያ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይነሣል። በተለመደው ቀን እነዚህ ዕቃዎች ተራ በተራ ስለሚሠሩ መስመሩ ይችላቸዋል፤ ሁሉም በአንድነት ሲነሡ ግን ጭነቱ ከወትሮው እጅግ ይበልጣል። በዚህ ላይ የወፍጮ ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንዶች ከመደበኛው አምስት እስከ ሰባት እጥፍ አምፔር ይስባል። አዲስ መስመር ይህን ሊታገሥ ይችል ይሆናል፤ መገናኛው የላላበት ግን አይችልም፤ ብሬከሩ ይወርዳል ወይም ፊውዙ ይቀልጣል።

ስለዚህ መብራት እንደ ጠፋ የወፍጮውን ማብሪያ ዝጉ፤ ሲመጣም አንድ ሩብ ሰዓት ታገሡ። አጠገብዎ የብየዳ ቤት ካለ ከባለቤቱ ጋር ማን ቀድሞ እንደሚያስነሣ ተነጋገሩ፤ ሁለታችሁ በአንድ ደቂቃ ካስነሣችሁ ትርፉ ለማናችሁም አይሆንም። ሞተርዎ ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ ከሆነና እስካሁን በቀጥታ የሚነሣ ከሆነ ስታር ዴልታ የሚባለውን ማስነሻ ያስገጥሙለት፤ ሲነሣ የሚስበውን ኃይል ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርደዋል። ማስነሻው የሚገጠመው ሞተሩ ባዶውን በሚነሣበት ሁኔታ ነውና እህሉን ወደ ድንጋዩ የሚለቁት ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ይሁን።